ለሥራ መኪና ለምትገዙ ወገኖቼ

በአሜሪካ በታክሲና በኡበር ሥራ ቤተሰብ የምታስተዳድሩ ወገኖቼ፣ አዲስ መኪና በብድር ከመግዛታችሁ በፊት የአገሩ የመኪና ኢንዱስትሪ ያለበትን ችግር እንድታስተውሉ አደራ እላለሁ፤ ፋብሪካዎቹ የሚሸከሙት ወጪ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በገዢው ትከሻ ላይ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2009 ክራይስለርና ጄኔራል ሞተርስ በአንድ ወር ልዩነት ለኪሳራ ሲዳረጉ እኔ በቨርጂኒያ ታክሲ እነዳ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በስድስት ዓመት ብድር የገዛሁት መኪና ዋጋው ከቀረብኝ ዕዳ በታች ስለወረደ፣ ገበያው ቀዝቅዞ ተሳፋሪ ሲጠፋ እንኳ ሸጬው ልገላገል አልቻልኩም። የልጆቼን ወጪ ቀንሼ ነው የከፈልኩት።

ያን ጊዜ የጠፋው ገዢ ነበር፤ ዛሬ የጠፋው ርካሽ መኪና ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2018 በሰሜን አሜሪካ አብዛኞቹን የቤት መኪኖች (ሴዳኖች) መሸጥ እንደሚያቆም ማሳወቁ፣ ትርፉ ያለው በፒክአፕና በትልልቅ መኪኖች ላይ በመሆኑ ነው፤ ለእኛ ሥራ የሚስማማው፣ ነዳጅ የማይፈጀው ትንሽ መኪና ግን በዚያው ከገበያው እየራቀ ሄደ። ይኸው ኩባንያ በ2024 በኤሌክትሪክ መኪና ዘርፉ ብቻ 5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከስሯል። በ2025 ደግሞ ከውጭ በሚገቡ መኪኖችና መለዋወጫዎች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። ለአንዳንድ አገሮች በኋላ ቢቀነስም፣ ዲትሮይት የሚገጣጠመው መኪና ራሱ ብዙ ዕቃው ከውጭ አገር የሚመጣ በመሆኑ ጫናው ለአገር ውስጡም አልቀረለትም። የአዲስ መኪና አማካይ ዋጋ በዚያው ዓመት መስከረም (ሴፕቴምበር) ላይ ከ50 ሺህ ዶላር አልፏል፤ ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ይሰጥ የነበረው እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ የግብር ቅናሽም በዚያው ወር መጨረሻ ቆሟል።

ሻጮች ይህን ዋጋ የሚያቃልሉ የሚመስሉት ብድሩን እስከ 84 ወር በመዘርጋት ነው። ስለዚህ «በወር ስንት ልትከፍል ትችላለህ?» ሲሏችሁ አትመልሱ፤ ወለዱን ጨምሮ ጠቅላላ የምትከፍሉትን ገንዘብ በጽሑፍ ጠይቁ። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ መኪና ማይሉ ቶሎ ስለሚበዛ፣ ዕዳው ገና በግማሽ ሳለ መኪናው ያረጃል። የአሮጌውን ቀሪ ዕዳ በአዲሱ ብድር ላይ ደምረን እንስጥህ የሚላችሁን ፈጽሞ አትቀበሉ፤ ስንቱ ወገናችን በዚህ መንገድ የሌለውን መኪና ዕዳ ሲከፍል አይቻለሁ።

እኔ የምመክረው ሦስት ወይም አራት ዓመት ያገለገለ፣ ከሻጩ ጋር ግንኙነት በሌለው መካኒክ የተመረመረ መኪና ነው። ብድሩንም ወደ ሻጩ ከመሄዳችሁ በፊት ከክሬዲት ዩኒየን (ከአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር) አስፈቅዱ።

አንዳንዶቻችሁ «ሠርቼበት ሲበቃኝ ወደ አገር ቤት እልከዋለሁ» ብላችሁ ታስባላችሁ። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለች፣ ያን ስሌት ከሒሳባችሁ አውጡትና እዚሁ ሲሸጥ በሚያወጣው ዋጋ ብቻ አስሉ።