የማራገቢያው አምፖል ብቻ ለምን ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል?

እህቴ፣ የሳሎንሽ የጣሪያ ማራገቢያ አምፖል ወር ሳይሞላው እንደሚቃጠል፣ የሌሎቹ ክፍሎች አምፖሎች ግን ደህና እንደሆኑ ጽፈሻል። ብዙዎች «የመብራት መዋዠቅ ነው» ብለው መልሰውልሻል። ባሕር ዳር መብራት አይዋዥቅም አልልም፤ ነገር ግን ከ220 ቮልት በላይ የሚመጣ ኃይል ክፍል አይመርጥም፤ የመኝታ ቤቱንም የወጥ ቤቱንም አምፖል አብሮ ይጨርሳል። ስለዚህ ስታቢላይዘር ለመግዛት አትቸኩዪ።

ሽንብጥ አካባቢና በሐይቁ ዳር ባሉ ማረፊያ ቤቶች ብዙ ማራገቢያ ሰቅያለሁ። እንዲህ ያለ ቤት ስጠራ መጀመሪያ የማየው የአምፖሉን መያዣ ነው። ኃይሉን ከዋናው ብሬከር አጥፊ። ማብሪያ ማጥፊያው አይበቃም፤ ፌዙን (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ትቶ ኒውትራሉን (መመለሻውን ሽቦ) እንዲቆርጥ የተገጠመበት ቤት ስንት አለ! አምፖሉ ሲቀዘቅዝ ፍቺና ታችኛውን ጫፉን ተመልከቺ። መሐሉ ላይ ያለው ነጥብ ከጠቆረ ወይም ከተቦረቦረ ንክኪው እየላላ እሳት ሲረጭ ኖሯል ማለት ነው። በመያዣው ውስጥ፣ ከሥሩ፣ ትንሽ የነሐስ ምላስ አለች። አምፖል እስኪንቋቋ ድረስ ሲጠብቅ ምላሷ ትተኛለች፤ ከዚያ ማራገቢያው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ትነካለች፣ ትለቃለች። የኤልኢዲ አምፖል ደግሞ ይህን አይችልም። ምላሷን በካቻቢቴ ጫፍ በጥቂቱ ቀና አድርጊያት። ከተቃጠለች ግን መያዣው ይቀየር።

ቀጥሎ መንቀጥቀጡ። ማራገቢያውን በከፍተኛው ፍጥነት አስነሽና ዘንጉን እዪ። የሚወዛወዝ ከሆነ አጥፍተሽ የክንፎቹን ብሎኖች አጥብቂ፤ ከዚያ ክንፎቹን በእጅ እያዞርሽ፣ አንድ ቦታ ላይ ሆነሽ፣ ከኮርኒሱ እስከ እያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ ያለውን ርቀት ለኪ። አንዱ ከተለየ ክንፉን የያዘው ብረት ጎብጧል። ባለ ክር አምፖል ከሆነማ ክሩ በግለት ላይ ሳለ መንቀጥቀጥ ስለሚበጥሰው እዚያ ቦታ ላይ ባትገጥሚው ይሻላል።

ሙቀቱም አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው አየር እንዴት እንደሚግል ታውቂዋለሽ። በዚያ ላይ የመስታወት ክዳን ሲዘጋበት በአምፖሉ አንገት ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ይበስላል። የሐይቁ ትንኝም ክዳኑን ይሞላዋል፤ ስታጸጂ አራግፊው። ክዳኑን አንሥተሽ ሞክሪ፤ አምፖሉ ከቆየልሽ ጥፋቱ ተገኘ። 9 ዋት ኤልኢዲ የ60 ዋቱን ባለ ክር ብርሃን ስለሚሰጥ ከዚያ በላይ መግዛት ሙቀት መጨመር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሞክሪ፦ የማራገቢያውን ፍጥነት ስትቀንሺ መብራቱም ይደበዝዛል? እንግዲያው ሠራተኛው ሁለቱንም በአንድ ሽቦ በፍጥነት መቆጣጠሪያው ውስጥ አሳልፏቸዋል። ለአምፖሉ የራሱ ሽቦና ማብሪያ ያስፈልገዋል፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበራ አንዳንዱ አምፖል የሚደምቅ፣ ሌላው የሚደበዝዝ ከሆነ ግን እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ተዪው። ኒውትራሉ ላልቷል፤ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ዋናውን አጥፍተሽ፣ ምንም ሳትነኪ፣ ባለሙያ ጥሪ።

የተቃጠለውን አምፖል አትጣዪው፤ የታችኛውን ጫፍ ፎቶ አንሥተሽ እዚህ ለጥፊልን።