አቦሉ ተጠጥቶ የሚነሳው ኮምፒውተር

«ሐይቅ ከተማ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ጠዋት ኮምፒውተሩን አብርቼ ቡና አቀርባለሁ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ነው ለሥራ የሚደርሰው። ወርድ ስከፍት ቀጥ ይላል። ታናሽ ወንድሜ ፍጥነት ይጨምራሉ ብሎ ሁለት አንቲቫይረስና ማጽጃ ጨምሮ አራት አምስት ሶፍትዌር ጫነልኝ፤ ጭራሽ ባሰበት። የደንበኛ ፍላሽ ስሰካ ደግሞ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ይሆናል፤ ሰው እኔን ይቆጣል። ዴስክቶፕ ነው፤ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ፎርማት ላስደርገው ወይስ የተሻለ ማጽጃ አለ? አንተስ ለራስህ ምን ትጠቀማለህ?»

አብሽሪ እህቴ። ፎርማቱ ይቆየን። ማጽጃም አልጨምርልሽም።

እኔ ደሴ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን ነው የምውለው። ዘገየ ተብሎ ከሚመጣልኝ ማሽን ብዙው ያንቺው ዓይነት ነው። ሃርድ ዲስኩ አርጅቷል፤ በዚያ ላይ መድኃኒት በዝቶበታል። ወንድምሽ ክፉ አላሰበም። ግን ለደከመች አህያ ጭነት ጨመረላት እንጂ አላገዛትም።

ምንም ነገር ከመንካትሽ በፊት ፋይልሽን አውጪ። የደንበኛ ማመልከቻ፣ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ ሁሉም ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ። ወደ ፍላሽ አላልኩም። ፍላሽ ማመላለሻ ነው፤ ማስቀመጫ አይሆንም። በሙያችን የታወቀ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ሦስተኛዋን ብዙ ሰው ይንቃታል። በ2014ቱ ጦርነት ከተማችን ሲዘረፍ የማውቀው አንድ ፎቶ አንሺ ከስቱዲዮው አንድ ዕቃ እንኳ አልተረፈለትም። የሰርጎቹ ፎቶ ግን አዲስ አበባ እህቱ ቤት በአንድ ሃርድ ዲስክ ተቀምጦ ነበር። ሥራውን እንደገና የጀመረው በሱ ነው።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ ወደ ሃርድ ዲስኩ እንሂድ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ትንሽ ናት፤ ከፍተሽ ታይና ትዘጊያታለሽ። ዲስኩ ስለራሱ የመዘገበውን አንብባ በቀለም ትነግርሻለች። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቂ ማለት ነው፤ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ መታየት ጀምሯል። ቀይ ከሆነ ዛሬውኑ ፋይል ማውጣት ነው። በቢጫና በቀይ ዲስክ ላይ ፎርማት ማድረግ ገንዘብ ማባከን ነው። ለሳምንት የተሻለው ይመስልሻል፤ ከዚያ እዚያው ነው።

ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ዲስክ የሚለውን ዓምድ እዪ። ኮምፒውተሩ እንደተነሳ 100 ፐርሰንት ላይ ተቸክሎ ለደቂቃዎች ከቆየ፣ የቡናሽ ነገር እዚህ ጋ ነው። የድሮ ሃርድ ዲስክ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ነው። የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ በላዩ የምትንቀሳቀስ ክንድ አለች። ክንዷ ከቦታ ቦታ ለመድረስ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። ይህ ትንሽ ይመስላል። ግን ጠዋት ላይ ሁለት አንቲቫይረስ፣ ማጽጃው፣ ቴሌግራሙ፣ የዊንዶውስ አፕዴቱ ሁሉም በአንድ ጊዜ «ና ወዲህ» ይሏታል። በገበያ ቀን አንዲት ባለሱቅ ሃምሳ ሰው ሲጠራት ማለት ነው። ማንንም ሳታስተናግድ ትውላለች።

ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ይህ ችግር የለበትም፤ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው የተፈለገው ቦታ ለመድረስ ከሃርድ ዲስኩ በመቶ እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ስለዚህ ገንዘብ የምታወጪ ከሆነ መጀመሪያ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ግዢ። ራሙን ወደ 8 ጊጋ ማሳደግ ሁለተኛ ይመጣል። ብዙ ሰው ራም ካልተጨመረ ይላል፤ እኔ አልስማማም። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ደህና ከሆነ እዚያው ውስጥ ለፋይል ማስቀመጫ ይቀመጥልሽ።

ገንዘቡ እስኪገኝ ደግሞ ማውረድ ነው። ከሁለቱ አንቲቫይረስ ሁለቱንም አንሺ። ገረመሽ? ዊንዶውስ 10 የራሱ ዲፌንደር አለው። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ቦታውን ለቆ ይቀመጣል፤ ሲነሳለት ይመለሳል። ላንቺ ሥራ እሱ ይበቃል። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ማሽን ላይ ማለት አንድ በር ላይ ሁለት ዘበኛ አቁሞ እርስ በርስ እንዲፈታተሹ ማድረግ ነው።

ማጽጃና ፍጥነት ጨማሪ የሚባሉትን፣ ድራይቨር አፕዴት አደርጋለሁ የሚለውንም አጥፊ። ሬጂስትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ ቅንብር መዝገብ ማጽዳት ኮምፒውተር ሲያፈጥን አይቼ አላውቅም፤ ሲያበላሽ ግን አይቻለሁ። በዓለም የታወቀው ሲክሊነር እንኳ በ2017 እ.ኤ.አ. ሰርጎ ገቦች ገብተውበት፣ ከራሱ ከድርጅቱ የሚወርደው ፕሮግራም ቫይረስ ይዞ ወጣ። 2.27 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ነበር። ዛሬ ተስተካክሏል። ቢሆንም ዊንዶውስ የራሱ ዲስክ ክሊንአፕ እያለው ለምን ሌላ ትጠሪያለሽ?

ከዚያ እዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለውን ክፈቺ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ዝርዝራቸው አለ። ቴሌግራም፣ ቶረንት፣ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ የማታውቂው የፕሪንተር ረዳት፣ ሁሉንም ዲሴብል በያቸው። አይጠፉም፤ ስትፈልጊያቸው ትከፍቻቸዋለሽ። የዲፌንደርንና የድምፁን ብቻ ተዪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሻትዳውን ስታደርጊ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቶሎ ለመነሳት ሲል የሥራውን ግማሽ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ሪስታርት ስታደርጊ ግን ከዜሮ ይጀምራል። «አጥፍተሽ አብሪው» የሚለው ምክራችን አንዳንዴ የማይሠራው ለዚህ ነው። በሳምንት አንዴ ሪስታርት አድርጊው።

አሁን ወደ ፍላሹ። የደንበኛሽ ፋይል አልጠፋም፤ ተደብቋል። ቫይረሱ እውነተኛዎቹን ፋይሎች ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሰውየው ሾርትከቱን ሲጫን ቫይረሱ ይነሳል። ስለዚህ ሾርትከቱን አትንኪ። ፎልደር መክፈቻው ላይ ቪው ውስጥ ገብተሽ ሂደን አይተምስ የሚለውን ምልክት አድርጊበት። አሁንም ካልታየ እዚያው ኦፕሽንስ ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሺ። ብዙ ጊዜ ስም የሌለው አንድ ፎልደር ብቅ ይላል፤ ዕቃው ሁሉ እዚያ ውስጥ ታጭቆ ታገኚዋለሽ። ገልብጠሽ አውጪው። ፍላሹን ፎርማት አድርገሽ ፋይሉን መልሺለት። ሲጨርሱ ደንበኞችሽ ይመርቁሻል።

ግን ቅደም ተከተሉን አደራ። ኮምፒውተሩ ራሱ ከታመመ ስንቱን ፍላሽ ብታጸጂ መልሶ ይበክለዋል። አስቀድመሽ ዲፌንደር ውስጥ ኦፍላይን ስካን የሚለውን አስነሺ። ማሽኑ ሪስታርት ያደርግና ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው የሚወስደው። በዚያው ቪው ውስጥ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውንም ምልክት አድርጊበት። የፎልደር መልክ ይዞ ስሙ ኢኤክስኢ (.exe) ብሎ የሚጨርስ ነገር ካየሽ ፎልደር አይደለም፤ እሱ ራሱ ሌባው ነው። ደንበኛ ደግሞ የሚታተመውን በቴሌግራም ቢልክልሽ ፍላሽ የመሰካቱ ነገር በግማሽ ይቀንሳል። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈሽ በር ላይ ለጥፊው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ክራክ፣ የሚከፈልበትን ፕሮግራም በነፃ ለመክፈት ስለሚጫነው ነገር። አውቃለሁ፣ ሁላችንም ሰፈር አለ። ግን «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ» የሚል ፕሮግራም ሲመጣብሽ፣ ቤትሽ ሊገባ ያለ እንግዳ ውሻሽን እሰሪልኝ እንዳለሽ ቁጠሪው።

ለጽሕፈት ቤት ከሁሉ የሚያናድደው የአማርኛ ፊደል ነው። አሮጌ የቪዥዋል ግዕዝ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀ ነገር ይሆናል። ፋይሉ ተበላሸ ብለሽ አትሰርዢው፤ ፎንቱን ስትጭኚ ይመለሳል። አዲስ ጽሑፍ ግን ሁልጊዜ ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ጻፊ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስልክም ኮምፒውተርም ያነበዋል። እኔ ኪማን የሚባለውን ነፃ የአማርኛ ኪቦርድ ነው የምጠቀመው። በኒያላ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ መልኩ ተቀይሮ ገጹ ከተዛባብሽ ምክንያቱ ቀላል ነው። ዊንዶውስ 10 ኒያላን እንደ ቀድሞው በቀጥታ አይጭነውም። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ከዚያ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ገብተሽ ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ የሚለውን ጨምሪ። አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ከዚያ ነገሩ አለቀ።

እኔ ምን እንደምጠቀም ጠይቀሻል። ዝርዝሬ አጭር ነው። ለታጨቀ ፋይል ሰቨን ዚፕ፣ ለቪዲዮ ቪኤልሲ፣ ለፒዲኤፍ ሱማትራ። የጠፋ ፋይል ለመፈለግ ኤቭሪቲንግ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ ስሙን ሳትጨርሺ ታመጣዋለች። ወርድ ከሌለ ሊብሬ ኦፊስ። ሁሉም ነፃ ናቸው፤ ሁሉንም ከየራሳቸው ድረ ገጽ ነው የማወርዳቸው። በስልክ ሆትስፖት የምትሠሪ ከሆነ ዋይፋዩን ሚተርድ ብለሽ ምረጪው። አለበለዚያ ዊንዶውስ አፕዴቱን ያወርድና የወር ፓኬጅሽን በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ግን በወር አንድ ቀን ከፍተሽ እንዲያወርድ ፍቀጂለት።

ስለ አፕዴት ካነሳን፣ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። የዲፌንደር የቫይረስ መለያ ግን እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ድረስ ይመጣል ብለዋል። ስለዚህ አትደንግጪ፤ ማሽኑን ግን ለባንክ ሥራ አትጠቀሚበት። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ በኢንቴል ከሆነ ደግሞ ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ በላይ። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ በግድ የሚጭኑልሽ ካሉ እምቢ በያቸው።

የቀረው መብራት ነው። በክረምት መብረቅና የሚዋዥቅ መብራት የጨረሰብንን ፓወር ሳፕላይ ቤት ይቁጠረው። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ባለ ባትሪ ዕቃ፣ ከሌለሽ ግዢ፤ ካለሽ ደግሞ ባትሪው ዕድሜ እንዳለው አትርሺ፤ በሦስት ዓመት ገደማ ይደክማል። ፎቶኮፒውንና ሌዘር ፕሪንተሩን ግን ዩፒኤሱ ላይ አትሰኪ። ቀለሙን በሙቀት ወረቀቱ ላይ ለማጣበቅ በአንድ ጊዜ ብዙ መብራት ይስባሉ፤ ዩፒኤሱ ይጮህና አብሮ ኮምፒውተሩን ያጠፋብሻል። ለብቻቸው ግድግዳ ላይ ይሁኑ። መብራት ሲጠፋ ንቀዪ፤ ሲመጣ ትንሽ ይረጋ። ወርድ ደግሞ ሳትነግሪው በየ10 ደቂቃው ነው መጠባበቂያ የሚይዘው። ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ገብተሽ 2 አድርጊው። ሦስት ገጽ አቤቱታ ተጽፎ መብራት ሲሄድ ባለጉዳዩ ፊት ከመቆም ያድንሻል።

አቧራውን በሦስት ወር አንዴ በቀለም ቅብ ብሩሽ አራግፊው፤ ማሽኑ ተነቅሎ። በአየር የምትነፊው ከሆነ ፋኑን በጣትሽ ያዥው፤ በነፋስ ሲበር ይበላሻል።

ክሪስታሉ ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየሽ ግን ፋይልሽን ካወጣሽ በኋላ ከዚህ ሁሉ ሌላውን አትሞክሪ። ማሽኑን አጥፊና ሃርድ ዲስኩን አስፈትተሽ ወደ ባለሙያ ይዘሽ ነይ። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጨርቅ ጠቅልለሽ ጭንሽ ላይ ያዥው፤ ሚኒባሱ ጣራ ላይ ከዓሣው ጋር እንዳይጭኑብሽ።