መጀመሪያ የባለአክሲዮኖችን መዝገብ ግለጡ

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

አክሲዮናቸው በገበያ ላይ በሚሸጥ ትንንሽ ኩባንያዎች ውስጥ የኢንቨስተሮች ግንኙነትን፣ ማለትም ኩባንያውን ከባለአክሲዮኖቹና ከገበያው ጋር የማገናኘትን ሥራ የተረከባችሁ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ «ማንም የማያውቀን እኛ እንዴት እንታወቅ?» ብላችሁ ነው። እኔም በእናንተ ዕድሜ ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ አዲስ ገዢ ፍለጋ ስባዝን፣ ቀድሞውኑ ገንዘባቸውን አምነው የሰጡን ሰዎች እነማን እንደሆኑ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። «ትልቁ ማሽናችሁ ቆሟል የሚባለው እውነት ነው?» አሉኝ። እውነት ነበር። ማሽኑ ከቆመ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ አለቆቼ ግን ነገሩ ከሩብ ዓመቱ ሪፖርት ጋር አብሮ ይገለጻል ብለው ወስነዋል። አፌ ተሳሰረ። ምንም ማለት እንደማልችል ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ማሽንማ ይበላሻል፤ እኔን የከፋኝ ከመንገድ መስማቴ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

በተከታዮቹ ሦስት ቀናት የአክሲዮናችን ዋጋ ያለማቋረጥ ወረደ። የባለአክሲዮኖችን መዝገብ ገልጬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኚያ ሰው ከአሥሩ ትልልቅ ግለሰብ ባለድርሻዎቻችን አንዱ ነበሩ፤ ገበያ ከገባንበት ቀን ጀምሮ እስከዚያ ስልክ ድረስ አንድም አክሲዮን ሸጠው አያውቁም ነበር። የግዙፍ ኩባንያ አክሲዮን በየቀኑ በብዛት ስለሚገበያይ የአንድ ግለሰብ ሽያጭ ከቁጥር አይገባም። የእኛ ግን ጭራሽ ገዢ የማያገኝበት ቀን አለ፤ አንድ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሲወጣ ዋጋውን ይዞት ይወርዳል።

ጥፋቱ የት ላይ እንደነበር ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ለእሳቸው ብቻ አለመናገሬ ትክክል ነበር። ዋጋ የሚያናውጥ መረጃ ለአንዱ ሹክ ብሎ ሌላውን ማስቀረት በሕግ ያስጠይቃል። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ የሆነው የሴኩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን ለዚሁ ሲል እ.ኤ.አ. በ2000 የተለየ ደንብ አውጥቷል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ ኩባንያው እንዲህ ያለውን መረጃ በተቻለ ፍጥነት ለሁሉም ይፋ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ጥፋታችን ማሽኑ በቆመ ሰሞን ለሁሉም በአንድ ጊዜ አለመናገራችን ነው። አንዲት አጭር መግለጫ፣ ከነምክንያቱና ከነሚጠበቀው የጥገና ጊዜ፣ ትበቃን ነበር።

ስለዚህ መጥፎ ዜና ሲመጣ ማን እንደሚጽፈው፣ ማን እንደሚያጸድቀውና በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚወጣ ዛሬ፣ ሁሉም ሰላም በሆነበት ቀን፣ ከዋና ሥራ አስፈጻሚው ጋር ተስማሙ። ችግሩ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ሁልጊዜ ወደ ዝምታ ያደላል።

ሌላው ነገር፦ ይህ ሙያ የተጀመረው በግዙፍ ኩባንያ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ክፍል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። የምታነቧቸው መመሪያዎች ብዙዎቹ ዛሬም የሚያስቡት ደርዘን ተንታኞች፣ ማለትም ኩባንያን አጥንተው ለባለገንዘቦች የሚጽፉ ባለሙያዎች፣ ለሚከታተሉት ድርጅት ነው። እናንተን የሚከታተል ምናልባት አንድ ቢኖር ነው፤ ምናልባትም ማንም የለም። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ ለተንታኞች ጥናት የሚከፈለው፣ አክሲዮን ለሚያገበያየው ደላላ ከሚከፈለው ኮሚሽን እንዲለይ ስታደርግ፣ ስለ ትንንሽ ኩባንያዎች የሚጻፈው ይበልጥ ይሳሳል የሚለው ስጋት በርትቶ፣ ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸው ቆየት ብለው ደንቡን አላልተውታል።

ተንታኝ ቢኖር ይጽፈው የነበረውን እናንተው ጻፉት። ሁለት ገጽ ይበቃል፦ ምን እንሸጣለን፣ ማን ከእኛ ይገዛል፣ ጥሬ ገንዘቡ ከየት ይገባል፣ ምን ቢደርስብን እንወድቃለን። የመጨረሻውን ጥያቄ አለቆቻችሁ ሊያስወጡት ይፈልጉ ይሆናል። እባካችሁ እዚህ ላይ አትለሳለሱ። ረጅም ጊዜ ሊቆይ ያሰበ ባለገንዘብ ቀድሞ የሚፈልገው እሱን ነው፤ ካጣው ደግሞ ሌላውንም አያምንም። በየሩብ ዓመቱ የምታሳዩአቸውን መለኪያዎችም አትቀያይሩ። ባለፈው ጊዜ የትዕዛዝ ብዛት አሳይታችሁ ዘንድሮ ስለወረደ ብቻ ብትደብቁት፣ የቀድሞውን ሪፖርት ያስቀመጠ ሰው ወዲያው ያገኘዋል።

ለጀማሪ የምሰጠው የመጀመሪያ ሳምንት ሥራ ይህ ነው። መዝገቡን በወረቀት አሳትሙና እርሳስ ያዙ። በባንክ ወይም በጠባቂ ድርጅት (የሌሎችን አክሲዮን በአደራ በሚይዝ ተቋም) ስም የተመዘገበውን ለይታችሁ ከጀርባው ማን እንዳለ አጠያይቁ። ከዚያ ሃያ ሰዎች መርጣችሁ ደውሉና «አክሲዮናችንን ለምን ገዙ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እንዳለ ጻፉ፤ አታርሟቸው፣ ለማሳመንም አትሞክሩ። የሒሳብ መዝጊያው ከተቃረበ ግን፣ ለአንዱ ብቻ ሹክ እንዳትሉ፣ ውጤቱ ይፋ እስኪሆን ድረስ ጥሪውን አቆዩት።