8080 ላይ አዳምጥ ተብሎ 36895 ላይ የሚያዳምጥ ሰርቨር

ከአራት ኪሎ የጻፉልኝ ጠያቂ ችግራቸው የሚከተለው ነው። በሲ የጻፉት ሰርቨር፣ በዚያው ላፕቶፕ ላይ በሲ ከጻፉት ክላይንት ጋር በፖርት (ፕሮግራሞች በሚገናኙበት የበር ቁጥር) 8080 ያለ እንከን ይነጋገር ነበር፤ ባልደረባቸው በጃቫ የሠሩት ፕሮግራም ግን «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» (ግንኙነቱ ተከልክሏል) ከሚል መልስ በቀር ያገኘው የለም። ገመድና ራውተር ቀይረዋል። አንድ ወዳጃቸው ሰርቨሩን «ካስተካከሉላቸው» ወዲህ ደግሞ የራሳቸው ክላይንትም መገናኘት አቁሟል።

ርካሽ የኔትወርክ ገመድ ስንቱን እንዳንገላታ አውቃለሁ፤ ባይት መገልበጥ፣ ማለትም የአንድን ቁጥር ባይቶች ቅደም ተከተል ማዞር፣ ግን ከኃጢአቶቹ አንዱ አይደለም። ሁለቱ የሲ ፕሮግራሞች ተግባብተው ጃቫው ብቻ መቅረቱን ስሰማ የጠረጠርሁት፣ ሁለቱም ወገን ያንኑ ስሕተት በመሥራታቸው ነገሩ እንደ ተሸፋፈነ ነው። የመጀመሪያውን ሰርቨር አስነሥተው ክፍት ፖርቶችን በ«ኤስኤስ» ትእዛዝ ይመልከቱ፤ 36895 ካገኙ፣ የፖርቱ ቁጥር በ«ኤችቶኤንኤስ» (ባለ 16 ቢት ቁጥርን ወደ ኔትወርክ ቅደም ተከተል በሚለውጠው የሲ ተግባር) ሳያልፍ ገብቷል ማለት ነው።

ምክንያቱን እንደ ልማዴ በግዕዝ ቁጥር ላስረዳ። 2017ን ፳፻፲፯ ብለን ስንጽፍ፣ ከመቶው በፊት ያለው ሃያ የመቶዎቹን ብዛት፣ ከመቶው በኋላ ያለው ዐሥራ ሰባት ቀሪውን ይነግረናል። ኔትወርክም እንደ እኛ ትልቁን ክፍል ያስቀድማል። የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ግን ትንሹን ስለሚያስቀድሙ፣ የእነርሱን አጻጻፍ በእኛ ሥርዐት ያነበበ ሰው ፲፯፻፳፣ ማለትም 1720 ብሎ ያርፋል። በባይት ሲሆን የመቶውን ቦታ 256 ይይዛል፤ 8080 ማለት 31 ጊዜ 256 ሲደመር 144 ነው፤ 31ና 144 ቦታ ሲለዋወጡ 36895 ይወጣል።

ወዳጅዎ የተጠቀሙበት «ኤችቶኤንኤል» ለ32 ቢት ቁጥር የተሠራ ነው። በእርስዎ ላፕቶፕ 8080ን ሲገለብጠው ሁለቱ ባይቶች ወደ ላይኛው ግማሽ ይወጡና፣ 16 ቢት ብቻ በሚይዘው የፖርት ቦታ ዜሮ ይቀራል፤ ዜሮ የተሰጠው ከርነልም (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) በተነሣ ቁጥር ያገኘውን ነፃ ፖርት ይመርጣል። እንዲህ ያለ የግምት ጥገና ከመጀመሪያው ስሕተት ይልቅ ያደክመኛል። አድራሻውንም አይንኩት፤ የአድራሻ ጽሑፍን ወደ ኔትወርክ ቅርጽ የሚለውጠው «ኢኔት ፒቶን» አስተካክሎ የሰጠዎትን 127.0.0.1 ደግመው ቢገለብጡት 1.0.0.127 ይሆናል።

አደጋው ያለው ግን በፖርቱ ሳይሆን፣ ከመልእክቱ በፊት በሚልኩት ባለ አራት ባይት ርዝመት ላይ ነው። 12 የነበረው ርዝመት ሳይገለበጥ ቢነበብ 201326592 ይሆናል፤ ፕሮግራምዎም ያን ያህል ሜሞሪ ይጠይቃል። ርዝመቱን ምልክት አልባ በሆነ ባለ 32 ቢት ዐይነት ተቀብለው፣ ከኔትወርክ ቅደም ተከተል ወደ ማሽንዎ በሚመልሰው በ«ኤንቶኤችኤል» አሳልፈው፣ ሜሞሪ ከመጠየቅዎ በፊት ከወሰኑት ጣሪያ ጋር ያስተያዩት። እደግመዋለሁ፦ በትክክል የተገለበጠ ቁጥርም ቢሆን የላከው ሌላ ሰው ነውና ከጣሪያው ጋር ሳያስተያዩ አይመኑት።

የፖርቱን ቁጥር በ«ኤችቶኤንኤስ» በማሳለፍ ሰርቨሩንና የሲውን ክላይንት አብረው አርመው ሁለቱንም እንደገና ኮምፓይል ያድርጉ፤ ሰርቨሩ ብቻ ከታረመ ክላይንቱ አሁንም 36895ን ሲያንኳኳ ይኖራል። የጃቫው ፕሮግራም ባለበት ይቆይ።