ሲስተርን ጠይቁ፦ «እርጅና ነው» አትበሏት

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እናቴ ግን ደምበጫ አካባቢ ገጠር ናት። 67 ዓመቷ ነው። ዓይኗ እንባ ያፈሳል፣ ፀሐይ አይችልም። ቀኑን ሙሉ ነጠላዋን ተከናንባ ጨለማ ቤት ትቀመጣለች። የዓይኗን ፀጉር በወረንጦ ትነቅላለች። ወንድሜ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ድረስ ትመጣለች፤ የምትጠይቀው ግን ስለ ወንድሜ ሚስት እርግዝናና ስለ ልጆቹ ክትባት ነው። እናቴን ዞር ብሎ ያያት የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወረንጦ ስትዪ ነገሩ ገባኝ። በሥራ ዘመኔ ስንቱን አየሁት! ከማተብ ጋር ታስሮ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ እሾህ ለማውጣት ተገዝቶ ለዓይን የዋለ። እናትሽን ሳላይ አልፈርድም። ግን ያልሽው ሁሉ ወደ ትራኮማ ያመለክታል፤ ማዝ የምንለው።

ነገሩ የሚጀምረው በልጅነት ነው። ዝንቡ፣ እጁ፣ የሁሉንም ልጅ ፊት የሚጠርገው የነጠላ ጫፍ ጀርሙን ያዛምቱታል። ዓይን ደጋግሞ ሲታመም የቆቡ ውስጠኛ ክፍል ይጠባሳል። ጠባሳው በዓመታት ብዛት ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያኔ ፀጉሩ ተቀልብሶ ብሌኑን ይፍቃል። በእያንዳንዱ ጥቅሻ! መንቀል ለጥቂት ቀን ያሳርፋል። ሲበቅል ግን አጭርና ሻካራ ሆኖ ነው፤ እንደ ተላጨ ጢም። ፍቆ ፍቆ ብሌኑን ያጠፋዋል። ልጅ የሚያቅፉት፣ ፊት የሚጠርጉት ሴቶች ስለሆኑ በዚህ በሽታ ዓይናቸው የሚጠፋ ሴቶች በዓለም ደረጃ ከወንዶቹ እስከ 4 እጥፍ ይደርሳሉ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ገና ጀማሪ ነርስ ሳለሁ አንዲት እናት ከሩቅ በእግሯ መጣች። ሰልፉ ረጅም ነበር። ቀና ብዬ እንኳ በደንብ ሳላያት «እማማ፣ እርጅና ነው» ብዬ ሸኘኋት። መርቃኝ ሄደች። ከሁለት ዓመት በኋላ በልጅ ልጇ እየተመራች መጣች። አንዱ ዓይኗ ነጭ ሆኗል። ወንድምሽ ላይ የማልፈርደው ለዚህ ነው።

የተቀለበሰ ፀጉር በጠብታም በኪኒንም አይመለስም። ቀዶ ሕክምና ነው መፍትሔው። ቆቡ ብቻ ይደነዝዛል፣ በደቂቃዎች ያልቃል፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት ነው። ሥልጠና ያላቸው ነርሶች ጤና ጣቢያ ላይ ይሠሩታል፤ አብዛኛውን ጊዜም በነፃ ነው። የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፤ የቀረውን ግን ያተርፋል። ጸበሏንም አትከልክያት፣ ሁለቱ አይጣሉም።

ስለ ኤክስቴንሽኗ ግን እውነትሽን ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር እናቶችና ሕፃናት እያለቁብን ነበር፤ ትኩረቱ እዚያ መሆኑ አይገርምም። ግን በዚያው ቤት ጥግ የተቀመጠችው አያት ከመዝገቡ ወጣች። ኤክስቴንሽኗም የተሰጣትን ቅጽ ነው የምትሞላው። ስለዚህ እናትሽን አንቺው አስመዝግቢያት። «እናቴ ፀጉር ትነቅላለች» በያት፣ በዚሁ ቃል። የዓይን ዘመቻ መቼ እንደሚመጣ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ ቀዶ ሕክምናውን እንደሚሠራ ጠይቂያት። የጤና መድኑ ላይም የእናትሽ ስም መኖሩን እዪ። ልጇ ቤት የተጠጋች እናት ስሟ ሲዘለል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መክፈል ለማይችል ድሃ ደግሞ መንግሥት ይሸፍናል፤ ቀበሌው ይመልምላት።

ጤና ጣቢያ ከደረሰች አይቀር ግፊቷንም ይለኳት። እኔ ጡረታዬን እየበላሁ፣ በየሳምንቱ ከቤቴ ሁለት እርምጃ ሄጄ እለካለሁ። ገጠር የቀረችው አብሮ አደጌ በ70 ዓመቷ ክንዷ ላይ መለኪያ ታስሮ አያውቅም። ተደጋግሞ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ይፈልጋል፣ ባያማትም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ኤልያስ ነው የምጽፈው። አባቴ ሁለት እግሩ አብጧል። ሰፈሩ «ዝሆኔ በዘር ነው» ስላለ እህቴን የሚያጫት ጠፋ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእኛ ደጋ ዝሆኔ አብዛኛው ከቀይ አፈሩ ነው። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ደቃቁ ብናኝ ቆዳ ውስጥ ገብቶ እግርን ያሳብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ሊደጋገም ይችላል፤ ከልጅነቷ ጫማ ያደረገች ልጅ ግን ምን ያስፈራታል?

ለአባትህም ተስፋ አለ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እግራቸውን በሳሙና የታጠቡት፣ ቅባት የተቀቡት፣ ካልሲና ጫማ ያደረጉት፣ አልጋ ላይ የሚጥለው የእግር ሕመም በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ያህል ተነሳባቸው። እንክብካቤውን ገና ያልጀመሩት ደግሞ 24 ጊዜ ያህል። ተአምር አይደለም። ግን አምስት ጊዜ ከመኝታ መዳን ለገበሬ ስንት የእርሻ ቀን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

በየቀኑ ማታ ይታጠብ። በጣቶቹ መካከል ያለውን በደንብ አድርቁለት። ጫማው ሰፋ ይበል። ቤት ውስጥም አያውልቀው፤ ወለሉ ያው አፈር ነው።