የዕድገቱን ዜና ሰምታችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት

ኮምቦልቻ ውስጥ 12 ክፍል ቤት አለኝ። ለፋብሪካ ሠራተኞች ላከራይ ብዬ የሠራሁት ነው። የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በየበሩ ላይ በቀለም የተጻፈ ቁጥር። ገንዘቡ ውጭ አገር 19 ዓመት ታክሲ ነድቼ ያጠራቀምኩት ነው።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሐምሌ ሲመረቅ እስከ 20 ሺህ ለሚደርሱ ሰዎች ሥራ ይፈጥራል ተብሎ ነበር። እኔም ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። በአንድ ክፍል ሦስት ልጆች ተዳብለው ቢከራዩ እንኳ ከተማው ውስጥ ያለው ክፍል አይበቃም አልኩ። ስሌቱ ልክ ነበር። ቤት የሠራሁት ግን ገና ላልመጣ ሰው ነው። በደህናው ጊዜ ከ12ቱ ክፍሎች የተያዙት 7 ነበሩ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2014 መኸር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተያዙ፤ ፋብሪካዎችም ተዘረፉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ከአጎዋ አስወጣች። ይሄንን ማንም አቅዶት አያውቅም፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ግን አምስቱ ክፍሎች ባዶ የነበሩት ከጦርነቱ በፊት ነው።

ውጭ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይሄን የምጽፍላችሁ በየሰኔው በጀት ሲቀርብ የሚነገረውን የዕድገት ቁጥር ሰምታችሁ ስለምትደውሉልኝ ነው። «ዘንድሮ በዚህን ያህል በመቶ ያድጋል ይላሉ፣ አሁን ልግባ?» ትሉኛላችሁ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ የዛሬ ሦስትና አራት ዓመት ምን ተብሎ እንደነበር ነው።

እስቲ አብረን እንየው። የአሥር ዓመቱ ዕቅድ፣ ከ2013 እስከ 2022 ያለው፣ ኢኮኖሚው በአማካይ በዓመት 10 በመቶ ያድጋል ይላል። መንግሥት ራሱ ያወጣው ውጤት በ2013 6.3፣ በ2014 6.4፣ በ2015 7.2 በመቶ ነው። ልዩነቱ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። አይደለም። በየዓመቱ 10 በመቶ የሚያድግ ኢኮኖሚ በአሥር ዓመት ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። በ6.5 በመቶ የሚያድገው ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ሆቴል ስትሠሩ የምታስቡት በ10 በመቶው ዕድገት የሚመጣውን ደንበኛ ነው፤ በሩን የሚያንኳኳው ግን የ6.5ቱ ነው። በዚያ ላይ የሕዝቡ ቁጥር በዓመት ወደ 2.5 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ከ6ቱ ላይ ይሄ ሲቀነስ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። የእናንተ ተከራይ ኪስ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

6 በመቶ ማደግ ቀላል ነገር ነው እያልኩ አይደለም። በጦርነት መሀል ለቆየ አገር ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ የሚሳሳተው መንግሥት ብቻ አይደለም። ለ2013 የዓለም የገንዘብ ድርጅት የተነበየው 2 በመቶ ነበር፤ መንግሥት ያወጣው ውጤት ከዚያ በብዙ ይበልጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኛ አገር ዕቅድና ትንበያ አንድ ላይ ተደባልቀዋል። ዕቅድ «እዚህ መድረስ እፈልጋለሁ» ነው። ትንበያ «እዚህ እደርሳለሁ ብዬ እገምታለሁ» ነው። ዝናቡ ከዘነበ፣ ዶላሩ ከተገኘ፣ ሰላም ከሆነ የሚሉት ሦስት «ከ»ዎች በዜናው ላይ አይነበቡም።

ባቡሩን ውሰዱ። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በአምስት ዓመት፣ እስከ 2007፣ 2,395 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይዘረጋል ብሎ ነበር። የአዲስ አበባ ጅቡቲው ተሠርቶ በ2009 ተመረቀ። የእኛው፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሐዲዱ ተዘረጋ፣ ዋሻው ተቦረቦረ። ባቡሩ ግን እንደታሰበው አልመጣም። ጣቢያው አጠገብ ቦታ በውድ የገዙ ሰዎች አውቃለሁ። የገዙት ሐዲዱን በዓይናቸው አይተው ነው፤ እንደኔ በወሬ ብቻ አይደለም። ያም ሆኖ አልሆነላቸውም።

ስለ ብሩ አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት 10 ሺህ ዶላር በባንክ መንዝሮ 570 ሺህ ብር ያስቀመጠ ሰው፣ ዶላር 120 ብር ሲገባ በእጁ ያለው 5 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም። ሥራው እስኪጀመር ገንዘቡን በሙሉ መንዝራችሁ አታስቀምጡ። ለሚቀጥለው የሥራ ደረጃ የሚሆነውን ብቻ፣ በሕጋዊ መንገድ ላኩ።

አካባቢውን ደግሞ አስቆጥሩ። ለዘመድ ደውላችሁ «ሥራ እንዴት ነው?» ብትሉ «አልሐምዱሊላህ፣ አብሽር» ነው የሚላችሁ። ወሎ ውስጥ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። ይልቅ የሚቆጠር ነገር ጠይቁ። ጠዋት 12 ሰዓት ፓርኩ በር ላይ ስንት ሰርቪስ ይቆማል? ደረቅ ወደቡ ጋ ስንት ከባድ መኪና ተራ ይጠብቃል? ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በሰፈሩ ስንት ኪራይ ቤት መብራት በርቷል? እኔ ቤቱን ከመሥራቴ በፊት ይሄን አንድ ሳምንት ባደርገው ኖሮ 12 ሳይሆን 5 ክፍል እሠራ ነበር።

ባለፈው የእህቴ ልጅ ደወለ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ሲወረድ መንገድ ዳር ቦታ አግኝቷል፤ ሆቴል ሊሠራ ነው። «አጎቴ፣ ዘንድሮ ዕድገቱ ጥሩ ነው እያሉ ነው» አለኝ። ቀብድ እንዳይከፍል ለመንኩት። ሐምሌ ላይ ለሦስት ሳምንት ይመጣል፤ አንዱን ክፍል አጽድቼለታለሁ። ጠዋት ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥተን አብረን ወደ ፓርኩ በር እንወርዳለን።