ፋጂንን ጠቅሰህ ለጠየቅኸው ወንድሜ፣ ከሀዋሳ

ወንድሜ፣ «ሶፍትዌር እሠራለሁ፣ ልቤ ያለው ግን ሳይንስና መንፈሳዊነት የሚገናኙበት ቦታ ነው። ፌዴሪኮ ፋጂንም ማይክሮፕሮሰሰር ሠርቶ ኋላ ወደ ንቃተ ሕሊና ጥናት ገብቷል። እኔም ሁለቱን በአንድ ድርጅት ልጀምር ወይስ ሥራዬን ልልቀቅ?» ብለህ ጠይቀሃል። «ጸልይበት» ያሉህም «ደሞዝህን እንዳትለቅ» ያሉህም ድርጅት ከፍተው አያውቁም፣ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። እኔ ከፍቻለሁ፣ እዚሁ ሀዋሳ፣ ያንተን የመሰለ ጥያቄ በሆዴ ይዤ።

1. ፋጂንን ከመጨረሻው አትጀምረው። ሁሉም የሚያወራልህ ያቺን ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 (የፋጂንን ዓመቶች ሁሉ እንዲሁ ቁጠር) የገና ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ታሆ ሐይቅ አጠገብ ሌሊት ውኃ ሊጠጣ ተነሥቶ፣ ከደረቱ ፍቅርና ነጭ ብርሃን ሲፈስ እንደተሰማው ራሱ ተናግሯል። ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ምን ሠርቷል? በ1971 ኢንቴል ያወጣው የ4004 ማይክሮፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተር አንጎል የሆነች ቺፕ፣ ንድፍ የተመራው በእሱ ነው፤ 2,300 ትራንዚስተር (ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ) በአንዲት ቺፕ ላይ፣ ጥጓ ላይ ደግሞ የስሙን ሁለት ፊደላት ቀርጾባታል። በ1974 ዛይሎግ የተባለውን የቺፕ ኩባንያ አቋቋመ፣ በ1976 ዜድ80 የተባለው ማይክሮፕሮሰሰሩ ወጣ። በ1986 ከሳይንቲስቱ ከካርቨር ሚድ ጋር ሲናፕቲክስን ጀመረ፤ ላፕቶፕ ላይ በጣት የምንነካካው ታችፓድ የታወቀው በዚያ ኩባንያ ነው። የንቃተ ሕሊናው ጥያቄ ራሱ የመጣለት ከሥራው ነው። ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ሲሠራ የአንጎል ሳይንስ መጻሕፍት ያነብ ነበር፤ ስለ ኤሌክትሪኩና ስለ ኬሚካሉ ሁሉ ተጽፏል፣ ሽታና ጣዕም ከዚያ እንዴት እንደሚሰማን ግን የሚነግረው አጣ።

ከዚያች ሌሊት በኋላስ ሥራ ለቀቀ? አልለቀቀም። ከ2003 እስከ 2008 የካሜራ ሴንሰር የሚሠራውን ፎቪዮንን በሥራ አስኪያጅነት መርቷል። ከባለቤቱ ከኤልቪያ ጋር ለንቃተ ሕሊና ጥናት ፋውንዴሽን ያቋቋመው በ2011 ነው። ዛይሎግን ሲጀምር ገንዘቡን ያመጣው የነዳጅ ኩባንያው ኤክሶን ነበር፤ ኤክሶንን «ነፍስ ምንድን ናት» ብሎ ገንዘብ አልጠየቀም! እኔ የምልህ በሙሉ ይኸው ነው። የነፍስህን ጥያቄ ወጪ ሌላ ሰው ላይ አትጣል።

2. የመመሥረቻ ጽሑፍህ ላይ የዓላማው አንቀጽ አጭር ይሁን። «ሶፍትዌር ማበልጸግ» ብቻ። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ 1243/2013፣ ብቻህን ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ትችላለህና «ሸሪክ አምጣ» የሚልህን አትስማ። እኔ ዓላማው ላይ «በሳይንስና በመንፈሳዊ ሕይወት ግንኙነት ላይ ጥናት ማካሄድ» የሚል መስመር አስገብቼ ነበር። የመዘገበኝን ቢሮ ስም አልጠራም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አነበበች፣ ጎረቤቷን ጠራች፣ እሷም አነበበች። ከዚያ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ «ይሄ ሱቅ ነው ወይስ ጸሎት ቤት?» አለችኝ። ሰው ሳቀ። ኃላፊውን ባናግር «የሃይማኖት ጉዳይ እዚህ አይታይም» ብሎ ወደ ሌላ ቢሮ ላከኝ። እዚያ ያሉት ደግሞ «አንተ ነጋዴ ነህ» ብለው መለሱኝ። ስመላለስ የቢሮ ኪራይ እየቆጠረብኝ ነበር፣ ያውም ፒያሳ! አንዳቸውም ሕጉን ገልጠው አላሳዩኝም። ራሴ አንብቤ ነው የገባኝ፦ ለትርፍ ያልሆነ ጥናት ማካሄድ ከፈለግህ መንገዱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ነው፣ እሱም የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። መስመሯን ሰርዤ ስመለስ ያቺው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ማኅተም አደረገችልኝ።

3. ገንዘብ የሚያመጣልህ ነገር አሰልቺ ቢሆን አትፈር። የኔ የመድኃኒት ቤት ሶፍትዌር ነው፤ ክምችት ይቆጥራል፣ የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበውን መድኃኒት ቀድሞ ያሳውቃል። መናኸሪያ አካባቢ ያሉ እትዬ ኮምፒውተር በልጃቸው በኩል ብቻ የሚያውቁ ነበሩ፣ ዛሬ ራሳቸው ይሠሩበታል፣ ደንበኛም ያመጡልኛል። በዚያ ገንዘብ ነው ማታ ማታ የምወደውን የምሠራው።

የምወደው ምን መሰለህ፣ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን በዓላትና አጽዋማት መቼ እንደሚውሉ የሚሰላበት ትምህርት። በልጅነቴ ታቦር ተራራ ሥር ይኖሩ የነበሩ የኔታ በቃል አስተምረውኛል፤ ኮድ መጻፍ ስማር መጀመሪያ የጻፍኩት እሱን ነው። ዓመተ ዓለሙን (ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረህ) በ19 ገድፈህ፣ ማለትም አካፍለህ ቀሪውን ይዘህ፣ ከቀሪው አንድ ስትቀንስ ወንበር፣ ወንበሩን በ11 አባዝተህ በ30 ስትገድፍ አበቅቴ፣ ያንኑ ወንበር በ19 አባዝተህ በ30 ስትገድፍ መጥቅዕ። ለ2017 ዓ.ም. ወንበር 11፣ አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ነው፤ ፋሲካም ሚያዝያ 12 ውሏል። ወንበሩ ዜሮ ከሚሆንበት ዓመት በቀር አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልመጡ ኮድህ ተበላሽቷል ማለት ነው። የኔታ ይህን መፈተሻ የሰጡኝ ኮምፒውተር ሳያዩ ነው! አንድ የስታርታፕ ውድድር ላይ ዳኛው «ይሄ እንኳን ቢዝነስ አይሆንም» ብሎ ሳቀብኝ። ማን ቢዝነስ ነው አለው? በነፃ ነው የለቀቅሁት፤ ቄሶችም ተማሪዎችም ይጠቀሙበታል።

4. «ኳንተም» (የአተሞችን ዓለም የሚያጠናው ፊዚክስ) የሚለውን ቃል ለመሸጫ አትጠቀም። ፋጂን ከፊዚክስ ሊቁ ከዳሪያኖ ጋር ንቃተ ሕሊና የኳንተም መረጃ ባሕርይ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል፤ የማይቀበሉት ሳይንቲስቶች ብዙ ናቸው፣ እኔም ግማሹ አልገባኝም። ታችፓዱ ግን አመንክ አላመንክ ይሠራል። ደንበኛህ የሚከፍልህ ለሚሠራው ነው።

የኪራይ ውልህ መጽደቅ እንዳለበት አስቀድመህ ጠይቅ፣ ያለዚያ ወረፋው በከንቱ ሊሆን ይችላል። የዓላማ አንቀጹን ረቂቅ ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ የኔን እልክልሃለሁ። ወደ ቢሮው በጠዋት ሂድ፤ ከምሳ በኋላ «ሲስተም የለም» ነው የሚሉህ።